አሮጌ የተማሪ ሰርቪስ ሱቅ ሲሆን

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ወደ አንዱ ጋራዥ ጓሮ ጎራ ያለ ሰው ጥግ ይዞ የቆመ ቅጥቅጥ አያጣም፡፡ ወንበሩ ግማሽ ተነቅሏል፣ መስታወቱ አቧራ ጠጥቷል፣ ጎኑ ላይ የትምህርት ቤቱ ስም ገና አልጠፋም፡፡ ከእኛ ዲፓርትመንት "ይቺን ቁርስ ቤት ባደርጋት" ብሎ ያላሰበ ተማሪ ያለ አይመስለኝም፡፡ እኔም ካሰቡት አንዱ ነኝ፡፡ ስለዚህ ነገሩ የሚያዋጣው መቼ እንደሆነ፣ በተለይ ደግሞ ሰው ሊጎዳ የሚችለው የት ላይ እንደሆነ ለመጻፍ ተነሣሁ፡፡

ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፡፡ በ1995 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከንቲባ በሆኑት በአቶ አርከበ ዕቁባይ ዘመን የተሠሩት ትንንሽ ሱቆች "የአርከበ ሱቅ" የሚለው ስም ወጥቶላቸው ቀርቷል፡፡ የመርከብ ኮንቴይነር ቆርጦ ሱቅ ማድረግም የተለመደ ነው፡፡ የሸገር ዳቦ ፋብሪካ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ደግሞ ከአገልግሎት የወጡ የአንበሳ አውቶቡሶች ዳቦ መሸጫ ሆነው አይተናል፡፡ ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ ሰው ሲያመላልስ የኖረ ድርጅት አውቶቡስ ቆሞ ዳቦ ሲሸጥበት ማየት መጀመሪያ ላይ ያስቅ ነበር፤ ቶሎ ተለመደ፡፡

የእኛ ጉዳይ ግን ከውጭ አገሩ በአንድ ነገር ይለያል፡፡ አሜሪካ ውስጥ ቢጫው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ዕድሜው ሲደርስ ሞተሩ እየሠራም ቢሆን ይሸጣል፤ ብዙው ጓቲማላ ድረስ ሄዶ እንደገና ሰው ይጭናል፣ ሌላው መኖሪያ ወይም ምግብ ቤት ይሆናል፡፡ እኛ ጋ ግን መኪና አይሞትም! ተሽከርካሪ ውድ ስለሆነ የሚንቀሳቀስ ቅጥቅጥ ሁልጊዜ ከሱቅነት ይልቅ በቅጥቅጥነቱ የተሻለ ዋጋ ያወጣል፡፡ እሱን ገዝቶ ሱቅ ማድረግ ኪሳራ ነው፡፡ የሚያዋጣው ሞተሩ ወይም ካምቢዮው ያለቀ፣ ቦዲው ግን ደህና የሆነው ነው፡፡ ከሞተሩም ቢሆን የሚተርፈው ዕቃ ሱማሌ ተራ ገዢ አያጣም፣ ያ ገንዘብ ለብየዳና ለሽቦ ይሆናል፡፡ ሊብሬው ላይ ግን የሞተር ቁጥርም የሻንሲ ቁጥርም ስለሚጻፍ፣ ሞተር ሸጦ ዝም ማለት ኋላ ያጣላል፤ መንገድ ትራንስፖርት ሄዶ ማስመዝገብ ያስፈልጋል፡፡

ቦዲው ደህና መሆኑ የሚታወቀው በቀለሙ አይደለም፡፡ ቅጥቅጥ ማለት የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አገር ውስጥ በብረት ቱቦና በላሜራ የተሠራ ቦዲ ነው፡፡ ሻንሲው ወፍራም ስለሆነ ይቆያል፤ የሚበላው ወለሉ ነው፡፡ የተማሪ ሰርቪስ በየቀኑ በውኃ ይታጠባል፣ ውኃው ከምንጣፉ ሥር ገብቶ ይቀራል፡፡ ስለዚህ ምንጣፉን ማስነሣት፣ የጎማ ቤቱን ዙሪያና የበሩን ደረጃ በካቻቢቴ ጫፍ መውጋት ነው፡፡ ካቻቢቴው ከገባ እዚያ ቦታ ላይ ያለው ብረት ሳይሆን ቀለም ነው፡፡ ሻጩ ቅር ቢለው ይበለው፡፡

የመሸጫ መስኮት ሲቆረጥም ጥንቃቄ ይፈልጋል፡፡ ጣሪያውን የተሸከሙት በመስኮቶቹ መካከል የቆሙት ቱቦዎች ናቸው፡፡ ሰፋ ያለ መስኮት ለማውጣት አንዱን ቱቦ መቁረጥ ግድ ከሆነ፣ መጀመሪያ ከላይ አግድም ብረት ይበየዳል፣ ቀጥሎ ይቆረጣል፡፡ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ጣሪያው ይሰምጥና ዝናብ ያቁራል፡፡

ክብደትን በተመለከተ ስሌቱ ቀላል ነው፡፡ 25 ሰው በአማካይ 65 ኪሎ ቢሆን 1,625 ኪሎ ይመጣል፤ ባሌስትራው የለመደው ይህንን ነው፣ ያውም በወለሉ ላይ ተበትኖ፡፡ እኛ ግን 500 ሊትር ሮቶ መጨረሻ ላይ እንሰቅላለን፡፡ 500 ሊትር ውኃ ማለት ግማሽ ቶን በአንድ ቦታ ላይ ነው፡፡ ሮቶው ከኋላው አክስል በላይ፣ ወደ መሐል ገባ ብሎ ቢቀመጥ ይሻላል፤ መኪናውም በክሪክ ተነሥቶ በብረት ድጋፍ ላይ ቢያርፍ ባሌስትራውም ጎማውም ያርፋሉ፡፡

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፡፡

ባለፈው ክረምት ሰፈራችን አጠገብ ካለች አንዲት የብረት ሱቅ ሻይ ልጠጣ ሄጄ እጄን የበሩ ጠርዝ ላይ ሳሳርፍ ነዘረኝ፡፡ "እትዬ፣ በሩ እኮ ይነዝራል!" ስላቸው፣ "አይ ልጄ፣ ዝናብ ሲሆን ነው እንጂ ሁልጊዜ እኮ አይደለም" አሉኝ፡፡ እሳቸው ለምደውታል፣ የሚነኩት በጨርቅ ነው፡፡ እኔ ግን ቤት ገብቼ ሳስበው ስለ ሱቋ ሳይሆን ስለ አውቶቡስ ደነገጥኩ፡፡ ሱቋ ቢያንስ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ አውቶቡሱ ግን አራት ማዕዘኑ በጎማ ላይ ነው፡፡ ጎማ ኮረንት አያስተላልፍም፡፡ የአንድ ሽቦ ልባስ ተልጦ ፌዙ ላሜራውን ቢነካ፣ ኮረንቱ የሚሄድበት መንገድ ስለሌለ ብሬከሩ አይወርድም፣ መብራቱም አይጠፋም፡፡ ቦዲው በሙሉ 220 ቮልት ይዞ ዝም ብሎ ይጠብቃል፡፡ መንገዱን የሚሠራለት በእርጥብ ጫማ ጭቃ ላይ ቆሞ ሳንቲሙን ለመስጠት መስኮቱን የሚነካው ደንበኛ ነው፡፡

እዚህ ላይ የእኛ ትምህርት ራሱ ሊያሳስተን ይችላል፡፡ በመኪና ኤሌክትሪክ የባትሪው ኔጌቲቭ ከቦዲው ጋር ይታሰራል፣ "ማሳ" እንለዋለን፣ አምፖሉም ዳይናሞውም በቦዲው በኩል ይመለሳሉ፡፡ 12 ወይም 24 ቮልት ላይ ይሄ ማንንም አይጎዳም፡፡ እጁ የለመደ መካኒክ ግን 220 ሲያስገባ ኒውትራሉንም "ማሳ ነው" ብሎ ቦዲው ላይ ሊያስረው ይችላል፡፡ ከዚያ በኋላ ከቆጣሪ የሚመጣው ገመድ ላይ ኒውትራሉ ቢበጠስ፣ ወይም የሶኬቱ ፌዝና ኒውትራል ቢገለበጥ፣ ቦዲው በቀጥታ ይነዝራል፡፡ ማሳና ኧርዝ አንድ አይደሉም፡፡ ቦዲው መታሰር ያለበት ከመሬት ጋር ነው፤ መሬት ውስጥ በተተከለ የኧርዝ ዘንግና ከቆጣሪው በሚመጣው ሦስተኛ ሽቦ፡፡ ኒውትራሉ አውቶቡሱ ውስጥ ቦዲውን በፍጹም መንካት የለበትም፡፡ በተጨማሪ ወደ መሬት የሚያመልጥ ኮረንት 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ የሚቆርጥ መሣሪያ መግጠም ያስፈልጋል፤ ተራው ብሬከር ሽቦ እንዳይቃጠል እንጂ ሰው እንዳይሞት የተሠራ አይደለም፡፡ ሽቦው ላሜራ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ደግሞ ጎሚኒ ይግባ፡፡ የተቆረጠ ላሜራ ቢላዋ ነው፡፡

የሽቦው ውፍረትም በስሌት እንጂ በግምት አይሆንም፡፡ 3,500 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ 3,000 ዋት የሆነ የቡና ማሽን ወደ 14፡፡ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ 30 አምፔር ነው፡፡ ለዚህ ባለ 2.5 ሽቦ አይበቃም፤ ዋናው ገመድ ባለ 6 ቢሆን ይሻላል፡፡ ብዙ ሰው መብራት የሚወስደው ከጎረቤት ቆጣሪ ስለሆነ፣ የጎረቤቱ መስመር ራሱ ይህን መቻሉን አስቀድሞ መጠየቅ ነው፡፡

"እንግዲያው በጋዝ እሠራለሁ" ላለም ነገር አለው፡፡ የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወደ ወለል ይወርዳል፡፡ መስኮት መክፈት ብቻውን አያስወጣውም፤ ወለሉ ላይ ቀዳዳ ያስፈልጋል፣ ሲሊንደሩም ከውጭ በኩል በተበየደ ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ ጥሩ ነው፡፡ ከሰል ደግሞ የባሰ ነው፡፡ የሱሉልታን ብርድ የሚያውቅ ሰው ጠዋት ላይ መስኮቱን ዘግቶ ጀበና ቢጥድ አይፈረድበትም፣ ግን የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል፤ አውቶቡስ ሲዘጋ ከቤት ይልቅ የታፈነ ነው፡፡ ከሰል የግድ ከሆነ ምድጃው ከበሩ ውጭ፣ ዳስ ሥር ይሁን፡፡

የቀረው የቦታ ጉዳይ ነው፡፡ የንግድ ፈቃድ አድራሻ ይጠይቃል፣ ስለዚህ የማቆሚያው ቦታ ስምምነት በወረቀት ከመያዙ በፊት መኪናውን መግዛት ጋሪውን ከፈረሱ ማስቀደም ነው፡፡ እነዚህ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ስለሆኑ ጥያቄው የሚቀርበው በየክፍለ ከተማው ነው፡፡ መንገድ ሲሰፋ ወይም የኮሪደር ልማት ሲመጣ መንገድ ዳር ያለ ሱቅ ተነሥ ይባላል፡፡ የብሎኬት ሱቅ ይፈርሳል፣ አውቶቡስ ግን ይጎተታል፤ ለዚህ ነው ሞተሩን የሸጠ ሰው አክስሉን፣ መሪውንና ፍሬኑን መሸጥ የሌለበት፡፡ ሲጎተትም በገመድ ሳይሆን በብረት ዘንግ ይሁን፡፡ ሞተሩ ከሌለ ፍሬኑን የሚያግዘው ነገር የለም፣ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ገመድ አይገፋም፡፡ ሮቶውም ከመጎተቱ በፊት ባዶ ይደረግ፡፡