አስታማሚ ወይስ የቤት ሠራተኛ?

ባለፈው ወር እናቴ አንድ ደብዳቤ እንድጽፍ አዘዘችኝ። «ጋዜጠኝነት አይደል እንዴ የምትማረው? ሁለት መስመር አያቅትህም» አለችኝ። አቃተኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል። ስታዲየም አካባቢ ባለው ቤታችን ቀንም ሌትም አብራቸው የምትሆን አስታማሚ አለች፤ እኔ እትዬ ነው የምላት። ደመወዟ በወር 8,000 ብር ነው። በቅርቡ ብድር ለመጠየቅ ሄዳ «የደመወዝ ማስረጃ ከአሠሪሽ አምጪ» ተባለች። «በቤታችን በ...» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። በምን ሥራ ልበል? በቤት ሠራተኛነት ወይስ በአስታማሚነት? ቀላል ጥያቄ መስሎኝ ነበር። አዋጆቹን ማገላበጥ ስጀምር ግን ብዙ ነገር በዚህች ቃል ላይ የተንጠለጠለ ሆኖ አገኘሁት።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት፣ የሳምንት ዕረፍት፣ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ፣ 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ... ሁሉም አለ። ነገር ግን ለትርፍ ላልሆነ ዓላማ የሚደረግ የግል አገልግሎት ቅጥርን አዋጁ ገና ከመግቢያው ወደ ውጭ ያወጣዋል። የእነዚህን ሠራተኞች ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል ይላል። ይኸው ተስፋ በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 377 ውስጥም ነበር። ደንቡ ሳይወጣ አሥራ አምስት ዓመት አለፈና አዲሱ አዋጅ መጥቶ ያንኑ ደገመ!

እሺ፣ ግብሩስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለቤት ሠራተኛ የሚከፈልን ደመወዝ ከግብር ነጻ ከሆኑ ገቢዎች ጋር ዘርዝሮታል። አጎቴ ይህን ሲሰማ «በል የቤት ሠራተኛ በላትና ገላገለን» አለ። እኔም መጀመሪያ እንደሱ አሰብኩ። ግብር አለመክፈልን ማን ይጠላል?

እስቲ በቁጥር እንየው። እትዬን የቀጠራት አስታማሚዎችን በየቤቱ የሚልክ ድርጅት ቢሆን ኖሮ ያ ድርጅት ለትርፍ የሚሠራ አሠሪ ነው፤ የሠራተኛ አዋጁም፣ ግብሩም፣ ጡረታውም ይመለከተዋል። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ማሻሻያ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ ጀምሮ በየደረጃው ይጨምራል። በ8,000 ብር ላይ ግብሩ 1,150 ብር ይሆናል። የጡረታ መዋጮዋ 7 በመቶ፣ ማለትም 560 ብር ነው። እጇ የሚገባው 6,290 ብር። እኛ ቤት ግን ሙሉ 8,000 ትወስዳለች።

ታዲያ እኛ ቤት አይሻላትም? እኔ እንጃ። ድርጅቱ በበኩሉ 11 በመቶ፣ 880 ብር፣ በየወሩ ለጡረታዋ ይጨምርላት ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ እንደ ስሙ የድርጅት ነው፤ የእኛ ሳሎን ድርጅት አይደለም። ስሟ የሰፈረበት የደመወዝ መክፈያ ሰነድም ይኖር ነበር። ብድር የጠየቀችበት ቢሮ የፈለገው ይህንኑ ወረቀት ነው። ግብር የማይቆረጥበት ደመወዝ ወረቀት የለውም፤ ወረቀት የሌለው ሥራ ደግሞ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። (ቁስል ለማጠብ አልፎ አልፎ የምትመጣው ነርስ ጉዳይ ሌላ ነው። እሷ ከቤት ቤት እየዞረች በራሷ ስለምትሠራ ግብሩም የራሷ የንግድ ሥራ ነው።)

እትዬ ጨርሶ ሕግ የላትም ማለት ግን አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2601 ጀምሮ አሠሪው ቤት ስለሚኖር ሠራተኛ ይናገራል፤ ማደሪያዋ፣ ምግቧና የዕረፍት ሰዓቷ ጤናዋን የሚጠብቅ እንዲሆን አሠሪውን ያስገድዳል። ደመወዝን ግን በአብዛኛው ለተዋዋዮቹ ስምምነት ይተወዋል። የሚገርመኝ ይቺው እትዬ ወደ አረብ አገር ብትሄድ ኖሮ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ውሏ በመንግሥት አካል ታይቶ መጽደቅ ነበረበት። ከመስቀል አደባባይ በእግር ደቂቃዎች ርቀት ላይ ለምትሠራው ግን ውሉን ያየላት ደላላው ብቻ ነው። እሱም ካዛንቺስ ነበር የሚቀመጠው፤ በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ የት እንደሄደ አናውቅም።

ስለዚህ ከደብዳቤው በፊት ውል ጻፍን። ሁለት ገጽ ሆነ። በጣም ያከራከረን ሌሊቱ ነው። አያቴ ማታ ማታ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠሯታል። እናቴ «እሱማ ያው እንቅልፍ ነው» አለች። እትዬ ዝም አለች። ከዚያ አያቴ ከአልጋቸው ሆነው «ልጄ እኮ ሌሊቱን ተኝታ አታውቅም» ሲሉ ክርክሩ አለቀ። እሑድ ሙሉ ቀን ዕረፍት፣ ሌሊቱን አንድ ቀን እሷ አንድ ቀን እኛ፤ በየወሩ ደግሞ 880 ብር በስሟ በተከፈተ የቁጠባ ሒሳብ። ይህን የመጨረሻውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አጎቴ እስካሁን እንደተቀየመኝ ነው።

ሥራ በሚለው ቦታ ላይ «አስታማሚ» ብዬ ጻፍኩ። የምትሠራው እሱን ነዋ። እናቴ ፈረመች፣ ሦስት ጎረቤቶች መሰከሩ።

እትዬ ደብዳቤውን ይዛ ሄዳ ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። «ማኅተም የለውም አሉኝ» አለች። ሰኞ ውሉን ይዛ እንደገና ትሄዳለች። ሰኞ ከክፍል የምቀረውም ለዚህ ነው፤ አያቴ ዘንድ ተረኛው እኔ ነኝ።