ማስታወቂያና ሞባይል

ማስታወቂያ አዲስ ነገር አይደለም። በአገራችን አዋጅ ነጋሪ ነጋሪት እየጎሰመ በገበያ መካከል ያስታውቅ ነበር። ነጋዴም በበኩሉ ዕቃውን በአፉ ያስታውቃል። በደብረ ማርቆስ ገበያ ጤፍ የምትሸጥ ሴት «ማኛ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ኑ እዩት» ትላለች። ገዢው ግን ዝም ብሎ አያምናትም። እፍኝ ዘግኖ በመዳፉ ላይ ይዘረጋዋል፤ እፍ ይለዋል፤ አሸዋ እንዳለበት ያያል። ቅቤ ከሆነ ያሸታል፤ ማር ከሆነ ይቀምሳል። ክርክሩ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሻጯ ወሬ ብታበዛም ብዙ ጉዳት የለውም። ዳኞቹ እጅና አፍንጫ ናቸው።

በሞባይል የሚመጣው ማስታወቂያ ግን አይዳሰስም፣ አይሸተትም። የሞባይል ስልክ በአገራችን ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ዛሬ በጮቄ ተራራ ግርጌ የሚኖር ገበሬም በኪሱ ይዞት ይሄዳል፤ ማስታወቂያውም ተከትሎት መጣ።

አጭር የጽሑፍ መልእክት ልክ አለው። በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ አንዱ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው። በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታና አራት ነጥቡም ይቆጠራሉ። ከዚህ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይታሰባል። ይህ የሆነው የፈረንጆቹ ፊደል ጥቂት ስለሆነ ለእያንዳንዱ ትንሽ ቦታ ስለሚበቃው ነው። ቢሆንም ብዙ አልተጎዳንም። «ሰላም» ለማለት ለእኛ ሦስት ፊደል ይበቃል፤ በፈረንጅ ፊደል አምስት ይፈጃል። ድሮ ብዙዎቹ ስልኮች የእኛን ፊደል ስለማያውቁ አማርኛው በፈረንጅ ፊደል ይጻፍ ነበር። ሀ ሁን ገና ተምሮ ለጨረሰ ጎልማሳ ይህ ግፍ አልነበረም ትላላችሁ?

እስቲ አንድ ማስታወቂያ እንጻፍ። ዋጋው ለምሳሌ ያህል ነው።

«የዘንድሮ ነጭ ጤፍ። ያልተቀላቀለ። ኪሎ 140 ብር። ማርቆስ ገበያ፣ እህል ተራ። እስከ ቅዳሜ።»

ይህ 59 ቦታ ይዟል። የስልክ ቁጥር መጻፍ አያሻም፤ የላኪው ቁጥር አብሮ ይመጣል። «ልዩ»፣ «ምርጥ»፣ «እንዳያመልጥዎ» የሚሉት የሉበትም፤ ቦታም አልተረፈላቸውም። ገዢው እህሉን መዝገን ስለማይችል የእጁን ሥራ ቃሉ ይሠራለታል። «ያልተቀላቀለ» የሚለው ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ጽሑፉ በስልኩ ላይ ተቀምጧል። በገበያ የተነገረ ቃል እንዲህ አይያዝም።

ማሳጠር የት ድረስ እንደሚሄድ ያየነው ለሕዳሴው ግድብ በሞባይል ገንዘብ ሲሰበሰብ ነበር። ሰው የተጠየቀው አንዲቷን የፈረንጅ ፊደል፣ ኤ፣ ጽፎ ወደ 8100 እንዲልክ ብቻ ነው። መጻፍ የሚከብደውም አልቀረም።

ታዲያ እጥረት መሸሸጊያም ይሆናል። አንዲት ጎረቤታችን፣ ትልቅ እናት ናቸው፣ የሞሉት ሂሳብ በየቀኑ እየጎደለ አስቸገራቸው። «ይሄ ልጅ ነው ተደብቆ የሚደውል» እያሉ ልጃቸውን ይቆጡ ነበር። አንድ ቀን ስልኩን ይዘው መጡና «እስቲ እዩልኝ» አሉን። መልእክቱ «እንኳን ደስ አለዎት» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ «ለሦስት ቀን በነፃ» ይላል። ስልኩ ሳይገፋ የሚያሳየው ይህን ብቻ ነው። በአውራ ጣት ወደ ላይ ሲገፉት በመጨረሻው መስመር ላይ «ከዚያ በኋላ በቀን 2 ብር» የሚል ተገኘ። እናታችን ማንበብ ይችላሉ፤ ግን ቀስ ብለው ስለሆነ ከመጀመሪያው መስመር አላለፉም። ደስ ብሏቸው የእሺታውን ቃል ልከው ኖሯል።

በዚህ መልእክት ውስጥ ውሸት የለም። ነገሩ ያለው በአቀማመጡ ላይ ነው። በትንሽ መስተዋት ላይ ሰው የሚያየው የመጀመሪያውን መስመር ስለሆነ፣ ሐቀኛ ጸሐፊ ዕቃውንና ዋጋውን እዚያ ያስቀምጣል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ሕጉ ግን በየሰዉ ኪስ ገብቶ መስመር አይቆጥርም። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ደግሞ ገንዘቡም ያው ስልኩ ውስጥ ነው። የምሥጢር ቁጥር ላኩ የሚል መልእክት ማስታወቂያ ሳይሆን ሌብነት ነው፤ አይመለስለትም።

የማቆሚያውን ቃል ላክንላቸው፤ እሱም በፈረንጅ ፊደል ነበር። አሁን መልእክት ሲመጣላቸው መጀመሪያ ታችኛውን መስመር ፈልገው ያነባሉ። ልጃቸውን ግን እስካሁን ይቅርታ አልጠየቁትም።