«ትእዛዙ አልተገኘም»፦ ምክንያቱና መፍትሔው

ወባ በአገራችን በየሳምንቱ ሪፖርት ከሚደረግባቸው በሽታዎች አንዱ ነው። በወላይታ ዞን፣ በተለይም እንደ ሁምቦ ባሉ ወረዳዎች ቆላማ ቀበሌዎች፣ መረጃው በወቅቱ ካልተተነተነ ወረርሽኙ ይቀድመናል። ለዚህ ሥራ «አር» ወይም «ፓይተን» የተባሉትን ነፃ ፕሮግራሞች የጫነ ባለሙያ ትእዛዝ ጽፎ «አልተገኘም» የሚል መልስ ሊገጥመው ይችላል።

መልሱ የግድ ፕሮግራሙ የለም ማለት አይደለም። ካርድ ክፍልን እናስብ፤ ካርዱ ሠራተኛው በማይፈልግበት መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ «የለም» ይባላል። ኮምፒውተርም በዋናነት የሚፈልገው «ፓዝ» በተባለው ዝርዝር በተመዘገቡ ማኅደሮች ውስጥ ነው። በዊንዶውስ ላይ «አር» ሲጫን ማኅደሩን እዚያ አያስመዘግብም። ስለዚህ ደጋግሞ መጫን ችግሩን አይፈታም።

ምርመራው በቅደም ተከተል ይካሄድ። በመጀመሪያ የትእዛዙ ፊደላት ትክክል መሆናቸው ይረጋገጥ። ቀጥሎ ፕሮግራሙ መጫኑ ይታይ። ተጭኖ ከተገኘ፣ «ቢን» የሚባለው የ«አር» ንዑስ ማኅደር ሙሉ አድራሻ ይቀዳ። ከዚያም በዊንዶውስ መፈለጊያ «ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብልስ» ተብሎ ተጽፎ፣ አድራሻው በ«ፓዝ» ዝርዝር ላይ ይጨመር። በመጨረሻም የትእዛዝ መስኮቱ ተዘግቶ እንደገና ይከፈት፤ አስቀድሞ የተከፈተ መስኮት አዲሱን ዝርዝር አያውቅምና።

ሁለት ነገሮች ጥንቃቄ ይሻሉ። ነባሩን ዝርዝር መሰረዝ ሌሎች ፕሮግራሞችን ያውካል። ምንጩ ካልታወቀ ቦታ ፕሮግራም ማውረድ ደግሞ የሕሙማንን ምስጢር ለአደጋ ያጋልጣል።