የትኩስ መጠጥ ሙቀት ምን ያህል ኤሌክትሪክ ይሰጣል?

በሻይ ወይም በቡና ሙቀት ስልክ ቻርጅ ያደርጋል የተባለ ኩባያ ለመግዛት፣ ወይም ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርቶ የፈጠራ ጥበቃ ለመጠየቅ ያሰበ ተገልጋይ አስቀድሞ የመሣሪያውን አሠራር ቢረዳ ከአላስፈላጊ ወጪ ይድናል።

የአሠራሩ መሠረት ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቶማስ ዮሐን ዜቤክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1821 ያስተዋለው ክስተት ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ጫፎቻቸው ተጋጥመው አንደኛው መጋጠሚያ ሲሞቅ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ሆኖ ሲቆይ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል። በመሆኑም ወሳኙ የመጠጡ ትኩስነት ብቻ ሳይሆን በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ነው። ቀዝቃዛው ወገን ሙቀቱን ወደ አየር የሚያስወጣበት መንገድ ከሌለው ሁለቱም ወገኖች እኩል ይሞቁና ፍሰቱ ይቆማል።

ካናዳዊቷ አን ማኮሲንስኪ በ2013 በእጅ ሙቀት በሚበራ የእጅ ባትሪ በጉግል የሳይንስ ውድድር በዕድሜ ምድቧ አሸንፋለች፤ በኋላም ከትኩስ መጠጥ ሙቀት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ኩባያ አስተዋውቃለች። ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ ስሌቱ ግን ጥንቃቄ ይሻል።

ሩብ ሊትር ሻይ ከ80 ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀዘቅዝ 42 ኪሎ ጁል ገደማ፣ ማለትም ወደ 11.6 ዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይለቃል። የአንድ ዘመናዊ ስልክ ባትሪ 15 ዋት ሰዓት ያህል ስለሚይዝ በቂ ይመስላል። ይሁንና ሻዩ 80፣ ክፍሉ 20 ዲግሪ ቢሆን እንኳ በተፈጥሮ ሕግ ወደ ኤሌክትሪክ ሊለወጥ የሚችለው ቢበዛ 17 በመቶው ነው፤ ሻዩ በቀዘቀዘ ቁጥር ይህም ይቀንሳል። በእጅ የሚገኙት መሣሪያዎች የሚለውጡት ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ሁለት በመቶ ቢባል ውጤቱ 0.23 ዋት ሰዓት፣ ይኸውም የስልኩ ባትሪ አንድ ከግማሽ በመቶ ያህል ነው። ከአንዲት ሲኒ ቡና የሚገኘው ደግሞ ከዚህም እጅግ ያነሰ ነው።

ስለዚህ ኃይሉ የሚበቃው ለትንሽ አምፖል፣ የመጠጡን ሙቀት ለሚያሳይ መለኪያ ወይም ለመሳሰሉት ነው። ጀበናው የተጣደበት ምድጃ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሙቀት ልዩነቱ ሰፊ በመሆኑ በዚሁ ዘዴ የራሳቸውን ማራገቢያ የሚያንቀሳቅሱ የማገዶ ምድጃዎች ተሠርተዋል።

ጥበቃን በተመለከተ፣ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት የሳይንስ ግኝትና ንድፈ ሐሳብ ፓተንት አይሰጥባቸውም። ጥበቃ የሚጠየቀው መርሑን በሥራ ላይ ለሚያውል አዲስ የመሣሪያ አሠራር ነው። ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ለ5 ዓመት ያገለግላል፤ ለተጨማሪ 5 ዓመትም ሊታደስ ይችላል። ማመልከቻው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚቀርብ ሲሆን፣ «ስልክ ይሞላል» ከሚል መግለጫ ይልቅ የመጠጡ መጠን፣ የሁለቱ ወገኖች ሙቀት፣ የፈጀው ጊዜና የተለካው ኃይል በቁጥር ቢሰፍሩበት ይመረጣል።