ግልገል አባይን ሽቅብ የሚወጣው ነጭ ዓሣ

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ላይ የዘነበው ዝናብ ጣናን አያውቀውም። ላህ፣ ብርና ፈጠም ወደ ደቡብ ወርደው አባይ በረሃ ይገባሉ። ከሰከላ የሚነሣው ግልገል አባይ ግን ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ ጣና ይደርሳል። ውሃው ኋላ አባይ ላይ ቢገናኝም የታችኛው ዓሣ ወደ ሐይቁ አይመለስም፤ 40 ሜትር ያህል የሚወርደውን የጢስ አባይ ፏፏቴ የሚወጣ ዓሣ የለም።

ከፏፏቴው በላይ ተለይቶ የኖረው ወገን ድንቅ ነው። አስጋሪዎች በጥቅሉ ነጭ ዓሣ ይሉታል፤ ተመራማሪዎች ላቤኦባርበስ። በጣና 17 ዝርያ ሲታወቅ አብዛኞቹ በሌላ አገር የሉም። ከንፈረ ወፍራም አለ፣ አፉን ወደ ላይ የሚከፍት አለ። ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ፤ በአፋቸው ግን አንድም ጥርስ የለም፣ የሚያደቁት ጉሮሯቸው ውስጥ ባለው ጥርስ ነው። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ ወገን በእኛው ዘመን ጠፍቷል። የቀረው የጣናው ነው።

ከእነዚህ ዝርያዎች በርካታዎቹ እንቁላላቸውን ሐይቁ ውስጥ አይጥሉም። ሳልመን ከውቅያኖስ ወደ ወንዝ እንደሚወጣ፣ እነሱም ክረምት ሲገባ ግልገል አባይን፣ ጉማራንና ርብን ሽቅብ ይይዛሉ። የሚፈልጉት ጠጠር ያለበት፣ ፈጥኖ የሚፈስ ንጹሕ ውሃ ነው። ዋናዎቹ ወራታቸው ነሐሴና መስከረም ናቸው።

ጥፋቱም የሚደርሰው በእነዚሁ ወራት ነው። ዓሦቹ ለመውጣት ወንዝ አፍ ላይ ሲሰበሰቡ መረብ ይጠብቃቸዋል፤ በፍልሰታ ዓሣ የሚፈልግ ገበያም አለ። የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና ላይ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣ ብዛት በ75 በመቶ ገደማ አሽቆለቆለ። ላይኛው ወንዝ ላይ ደግሞ ብርብራ የሚባለው ዛፍ አለ። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል፤ ወላዱም ጫጩቱም አብሮ ያልቃል። ለአንድ ቀን ወጥ ሲባል የሚመጡት ዓመታት ዓሣ ይጠፋል፤ ይህን ማየት ያንገበግባል።

ሜጫ ላይ የግልገል አባይ ገባር በሆነው በቆጋ ወንዝ ግድብ 7 ሺህ ሄክታር ያህል እንዲያለማ ተሠርቷል። ገበሬው ውሃውን ይፈልገዋል፣ መብቱም ነው። ግን ግድብ የዓሣን መንገድ ይዘጋል፤ ስለዚህ ያልተገደቡት የግልገል አባይ ገባሮች ዋጋ ከፍ ብሏል። በእነዚህ ወንዞች አፍ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መረብ እንዳይጣል፣ ዳር ያለው ጠጠርም እንዳይዛቅ መከልከል ግድብ የመሥራት ያህል ወጪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሰከላና የሜጫ ገበሬ ከባሕር ዳር አስጋሪ ጋር ተቀምጦ እንዲመክር ነው።