መዝገና፦ የጎንደር ጎረቤት ፈጣሪ

የጥንት ሕዝቦች ፈጣሪን እንዴት እንዳሰቡት ማንበብ ከወደዳችሁ፣ የጓቲማላ ደጋ ሰዎች የኪቼ ማያዎች «ፖፖል ቩህ» የተባለ መጽሐፍ ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። ቴፔውና ጉኩማጽ የተባሉ ፈጣሪዎች ተማክረው ሰውን ከጭቃ ይሠሩታል፤ ይሟሟል። ከእንጨት ይሠሩታል፤ ልብ የለውምና ፈጣሪዎቹን ይረሳል። በመጨረሻ ከበቆሎ ሲሠሩት ሰው ይሆናል። ደስ የሚል ታሪክ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ጎንደሩ መዝገና ነው!

መዝገና የቅማንት ሕዝብ ፈጣሪ ነው። ቅማንቶች ከአገው ወገን ናቸው፤ ጭልጋን፣ ከርከርንና ላይ አርማጭሆን ይዘው ከጎንደር ከተማ ዙሪያ ይኖራሉ። እንደ ጥንቱ እምነታቸው መዝገና አንድ ነው፤ ሁሉን ይችላል፣ በሁሉም ቦታ አለ። እንደ ማያዎቹ ፈጣሪዎች ከሌላ ጋር አይማከርም። ከእሱ በታች ግን መላእክትና ቅዱስ የሆኑ የጥንት አባቶች አሉ፤ የሰውን ልመና ወደ እሱ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። ከእነዚህ አባቶች ዋናው አናየር ነው። በትውፊቱ የኖኅ ዘር ሲሆን፣ ከከነዓን ተነሥቶ ወደዚህ አገር የመጣ የሕዝቡ መሥራች ነው።

እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ የአምልኮው ቦታ ነው። ጎንደርን በአርባ አራቱ ታቦቷ የምናውቅ ሰዎች የአምላክን ስፍራ ከሕንፃ ለይተን ማሰብ ይከብደናል። መዝገና የሚመለከው ግን በዛፍ ሥር ነው። ደገኛ በሚባለው ቅዱስ የዛፍ ጥላ ሕዝቡ ይሰበሰባል፤ ካህናቱ ይጸልያሉ፣ መሥዋዕት ይታረዳል፣ በኅብረት ይበላል ይጠጣል። ቅዳሜ ሰንበታቸው ነው። የበላዩ ካህን ወምበር ይባላል፤ ሃይማኖትን ከመምራት አልፎ ሕዝቡን ይዳኝ ነበር። እምነታቸውንም ሕገ ልቦና ይሉታል፤ ቤተ ክርስቲያን ከሙሴ በፊት የነበረውን ዘመን በምትጠራበት በዚያው ስም።

የጎንደር ነገሥታት ባጠገባቸው የነበረውን ይህን እምነት ለረጅም ጊዜ ታግሠውታል። ነገሩ የከበደው በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ነው፤ ቅማንቶች እንዲጠመቁ ግፊት ተደረገባቸው። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ሕዝብ ክርስቲያን ሆነ፣ ቋንቋውም ወደ አማርኛ አዘነበለ። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ቅማንት ነን ያሉት ከ172 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ቅማንትኛን አፍ መፍቻዬ ያሉት ግን 2 ሺህ እንኳ አልሞሉም።

እንግዲህ ስለ መዝገና ይህን ያህል ማውራት የቻልነው እንዴት ነው? በ1950ዎቹ አጋማሽ ፍሬድሪክ ጋምስት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ መጥቶ፣ ከወምበሩ ጋር ቁጭ ብሎ የነገሩትን ጻፈ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1969 ታተመ። የ«ፖፖል ቩህ»ም ዕጣ ተመሳሳይ ነው፤ ዛሬ በእጃችን ያለው ፍራንሲስኮ ሒሜኔዝ የተባለ የስፔን ቄስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የገለበጠው ቅጂ ነው። ልዩነቱ፣ የሒሜኔዝ ቅጂ የኪቼዎቹን ቋንቋ ሲይዝ የጋምስት መጽሐፍ የተጻፈው በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው፤ የቅማንቶችን ጸሎት በገዛ ቋንቋው የያዙት ግን አረጋውያኑ ናቸው። ስለዚህ በጭልጋው አይከል ወይም በላይ አርማጭሆው ትክል ድንጋይ ዘመድ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ከፈቀዱላችሁም ድምፃቸውን ቅረጹ።