ሁለት የኢንሱሊን ዘረመል ያላት አይጥ

በኢየሩሳሌም፣ በኢትዮጵያ ጎዳና፣ ከደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቅጥር ስወጣ አንዲት እማሆይ «ልጄ፣ ሥራህ ምንድን ነው?» አሉኝ። ዔን ካሬም ውስጥ ለስኳር በሽታ ጥናት የሚውሉ አይጦችን እንደምንከባከብ ነገርኳቸው። «አይጥንም ስኳር ይይዛታል እንዴ?» አሉ። እርሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ኢንሱሊን ይወጋሉ። አዎ፣ ይይዛታል፤ ነገር ግን ከሰው የምትበልጥበት አንድ ነገር አላት።

ኢንሱሊን በደም ያለውን ስኳር ወደ ጡንቻና ወደ ስብ የሚያስገባ ሆርሞን ነው፤ በቆሽት ቤታ ህዋሳት ይመረታል። ይህ የታወቀ ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት ሰው በ11ኛው ክሮሞሶም ላይ አንድ የኢንሱሊን ዘረመል ብቻ ሲኖረው አይጥ ሁለት እንዳላት ነው፤ ኢንስ 1 በ19ኛው፣ ኢንስ 2 በ7ኛው ላይ።

ኢንስ 2 ጥንተኛው ነው፤ ኢንስ 1 ግልባጩ። የተገለበጠበት መንገድ ዛሬም ይደንቀኛል። ዘረመል ሥራ ሲጀምር መልእክቱ በአር ኤን ኤ ይቀዳል፤ ከዚያ ኢንትሮን የሚባሉት ትርፍ ክፍሎች ተቆርጠው ይወጣሉ። ኢንስ 2 ሁለት ኢንትሮን አለው። ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት አንዱ ተቆርጦ ሌላው ገና ሳይወጣ፣ ያ ቅጂ ወደ ዲ ኤን ኤ ተመልሶ ሌላ ቦታ ገባ። ጸሐፊው አርሞ ያልጨረሰው ብራና ተወስዶ ከሌላ መጽሐፍ ጋር እንደተጠረዘ ቁጠሩት። ኢንስ 1 እስከ ዛሬ አንድ ኢንትሮን ብቻ ይዟል። እንዲህ ያሉ ቅጂዎች አብዛኛውን ጊዜ ማብሪያቸውን ትተው ስለሚመጡ ዝም ብለው ይቀራሉ፤ ይህኛው ግን ከፊቱ ያለውን ማብሪያ ጭምር ይዞ ስለተቀዳ ሕያው ሆነ። ቤታ ህዋስ ሁለቱንም ያነብባል።

አንዱን አጥፍተው አይጧ ጤነኛ ስትሆን «ይህ ዘረመል ጥቅም የለውም» የሚሉ ተማሪዎች ያናድዱኛል። ኢንስ 2 ሲጠፋ ኢንስ 1 በብዛት እየተነበበ ጉድለቱን ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ1997 እንደታየው ግን ሁለቱም የጠፉባቸው ግልገሎች በተወለዱ በ48 ሰዓት ውስጥ ይሞታሉ።

ሁለቱ አቻ ናቸው ማለትም አይደለም። ኢንስ 2 ታይመስ በሚባለው ዕጢም በጥቂቱ ይነበባል፤ የበሽታ መከላከያ ህዋሳት ኢንሱሊንን የራስ አካል አድርገው የሚለምዱት እዚያ ነው። ስኳር ከራሳቸው በሚነሣባቸው፣ ኖድ በተባሉት አይጦች፣ ኢንስ 2 ሲጠፋ በሽታው ይፋጠናል፤ ኢንስ 1 ሲጠፋ አብዛኞቹ ይተርፋሉ። እባካችሁ፣ በአይጦቹ ሳጥን ካርድ ላይ የጠፋውን ዘረመል ቁጥር ጻፉ! «የኢንሱሊን ዘረመል የሌላት» የሚል ካርድ አምኜ የሁለት ወር እርባታዬ ከንቱ ቀርቷል።

ዘረመል መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም፤ መነበብ አለበት። የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ሃዋርድ ሲዳርና አሃሮን ራዚን፣ በዲ ኤን ኤ ላይ የሚለጠፈው የሜቲል ምልክት የዘረመልን ንባብ በመቆጣጠር ያለውን ድርሻ በማስረዳታቸው እ.ኤ.አ. የ2008ን የዎልፍ ሽልማት ተካፍለዋል። የኢንሱሊን ዘረመል በሁሉም ህዋስ ውስጥ አለ ማለት ይቻላል፤ በቤታ ህዋስ ግን ማብሪያው ከዚህ ምልክት ነፃ ነው። ዩቫል ዶርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ይህንኑ ተጠቅመው፣ ቤታ ህዋስ ሲሞት የሚጥለውን ምልክት አልባ የዲ ኤን ኤ ቁራጭ ከሰው ደም ውስጥ ለይተው አሳዩ።

ይህን ስነግራቸው እማሆይ ክንዳቸውን ዳሰስ አድርገው፣ «የእኔ አንድ ብቻ፣ እርሱም ጠፋ በለኛ» አሉ።

«አልጠፋም፣ እማሆይ። የሚያነብቡት ህዋሳት ናቸው ያለቁት።»